እኩል የቀረንበት ክረምት

ሐምሌ 2

ሆራስ ፔልተን በየቀኑ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። የእሱን ሕይወት የሚጽፍ ሰው የራሱ ማስታወሻ ባይኖረው ነውር ነው ብዬ ይኸው ዛሬ ጀመርኩ።

ፔልተንን ለማያውቅ ሰው (ማለትም ለሁሉም ሰው) ላስረዳ። ከ1906 እስከ 1922፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝ ፓርላማ ክሎቨርደን የምትባል ከተማን ወክሎ ተቀምጧል። በአሥራ ስድስት ዓመት የተናገረው አራት ጊዜ ነው፤ አንደኛው መስኮት ይዘጋልኝ ለማለት ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል። በምዕራፍ ሦስት ላይ ይህንን «ያለ ተቃውሞ የጸደቀለት ሐሳብ» ብዬ አስፍሬዋለሁ። ለማስትሬት እንግሊዝ አገር የሄድኩ ጊዜ አማካሪዬ «ማንም ያልነካው ሰው አለ» ብለው ሰጡኝ። ማንም ለምን እንዳልነካው አልጠየቅሁም። ዛሬ በዓለም ላይ ስለ ፔልተን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፣ ፈልጌ ስላጣሁ ነው። መጽሐፉ አልቆ መስከረም ላይ ለማዕረግ እድገት ኮሚቴው መግባት አለበት። ረዳት ፕሮፌሰር ሞገስ። ጆሮ ላይ አይከፋም።

ዝናቡ አላባራም። ጠዋት የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ይሻው ሲጣራ ሰማሁ፤ ላይ ሰፈር ሰው አርፏል። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ቀብር ላይ ከተገኘ ስም ሲጠራ «አለ» ይባላል፤ ከእኛ ቤት የምትገኘው እናቴ ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከይፋግ መጥታ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ባለቤቴ ዓይናለም፣ «ጉልበቷ አብጧል፣ አንተ ሂድላት» አለችኝ። በእግር መሄድ ለጉልበት ጥሩ መሆኑን አንድ ቦታ ማንበቤን ነገርኳት።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

የእድር ስብሰባ። ያው ጭቅጭቅ። እድራችን ላይ ሰፈርንና ታች ሰፈርን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ከተቋቋመ ጀምሮ የሚጣሉት በአንድ ነገር ነው፤ የማን ወገን ቀብር ላይ በብዛት ቀረ?

«ለአባቴ ቀብር ከላይ ሰፈር የመጣችሁት አንድ ቃሬዛ ለመሸከም አትበቁም ነበር!»

«እናንተስ ለአክስቴ? ገና አፈሩ ሳይመለስ አይደል እየተንጠባጠባችሁ ወደ ቤታችሁ የሄዳችሁት?»

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገሰሰ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ ዝም አሰኟቸው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የምዕራፍ አራትን ረቂቅ አርም ነበር። ሰዎቹ አሳዘኑኝ። ሁለት ወገን፣ አንድ አዳራሽ፣ ማለቂያ የሌለው ክርክር። አንድ ሰው መፍትሔ ሊያመጣላቸው ይገባል።

ሐምሌ 8

መፍትሔው ተገኘ! ወፍጮ ቤት ውስጥ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ባዩ የላይ ሰፈር ሰው ነው። ጤፋችንን እያስፈጨሁ ምሬቱን አወረደብኝ። ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ወፍጮ ይዘጋል፣ ደንበኛ ይመለሳል፤ ቀብር ላይ ውሎ ሲመጣ ደግሞ እሑድ «አልመጣችሁም» ተብሎ ይሰደባል።

ስለ ፔልተንና ስለ ሜጀር ዶብስ ነገርኩት። ዶብስ የተቃራኒው ፓርቲ ሰው ነበር። በእንግሊዝ ፓርላማ አንድ ጨዋ ልማድ አለ። አንዱ «ይጽደቅ» ሊል ነው፣ አንዱ «አይጽደቅ» ሊል ነው፤ ሁለቱ ተስማምተው አብረው ይቀራሉ። ድምፃቸው እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ውጤቱ ያው ነው፣ ማንም አይጎዳም። ፔልተንና ዶብስ እንዲህ እየተጣመሩ ለዓመታት ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረዋል።

ባዩ ሞተሩን አጠፋው። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም።

«እንግዲህ እኔ ከላይ ሰፈር ስቀር፣ አንተም ከታች ሰፈር ከቀረህ... ማንም አልቀረም ማለት ነው?»

«በሒሳብ ከሄድን፣ አዎ።»

«አየ መምህር!» አለኝ ዱቄት በዱቄት በሆነ እጁ ትከሻዬን መታ አድርጎ። «መማር ለካ እንዲህ ይጠቅማል።»

ሐምሌ 13፣ እሑድ

«ጥንድ መቅረት» በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከላይ ሰፈር አንድ ቤት፣ ከታች ሰፈር አንድ ቤት ይጣመራሉ። አንዱ መቅረት ሲፈልግ ለጥንዱ ይነግራል፣ ጥንዱም ይቀራል። ስም ሲጠራ ሁለቱም «ተጣፍቷል» ይባላሉ፣ ቅጣት የለም፣ ስድብ የለም። ሁለቱ ሰፈሮች በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነው ተባለ። ሰው እየተነሣ ጨበጠኝ።

ጋሽ ገሰሰ ብቻ ትንሽ አስቸገሩ። «ሁሉም ገባኝ መምህር» አሉ። «ሬሳው ግን ጥንዱ ማነው?»

ሰው ሳቀ። ጥያቄው ከሥነ ሥርዓት ውጪ መሆኑን በትሕትና አስረዳሁ።

ይሻውም እጁን አወጣ። «እኔ ጡሩምባ ነፊ ነኝ፤ ዘመድም ጥንድም የለኝ። ዝም ብዬ ልገኝ?» ሲል ጠየቀ። ዝም ብለህ ተገኝ ተባለ።

ቤት ስደርስ እናቴ ባቄላ ትፈለፍላለች። መስማማታችንን ስነግራት «እሰይ» አለች። በምን እንደተስማማን ሳስረዳት እጇ ቆመ። «እኛ አገር ሰው ለመሄድ ሲስማማ ነው የማውቀው» አለች። ከይፋግ ወጥታ ብዙ አላየችም እንግዲህ፣ ምን ይደረግ።

ሐምሌ 17

ጡሩምባ። ባዩ ደወለ፣ «እቀራለሁ»። «እኔም።» ምዕራፍ አራት አለቀ!

እናቴ ለባበሰች። ሕጉ ነፃ እንዳወጣት ነገርኳት። ጃንጥላ ጠየቀችኝ።

ሐምሌ 25

ገበያ መሐል ያስቆሙኝ ጀመር። ልብስ ሰፊው ከከብት ሐኪሙ ተጣምሯል፤ የቧንቧ ሠራተኛው ከአናጢው። አንዱ ለሰንበቴም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ይጠና አልኩት። ፔልተን ባቋቋመው ነገር ሰው ገበያ ላይ አስቁሞት አያውቅም። በዚህ በልጬዋለሁ ማለት ነው።

ለእድገት ማመልከቻው «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚል ቦታ አለ፤ እስካሁን ባዶ ነበር። ጋሽ ገሰሰን ማረጋገጫ ጠየቅኋቸው። ቁጭ ብለው በእጃቸው ጻፉልኝ፦ «መምህር ሞገስ በእድራችን ጭቅጭቅ እንዲቀር አድርገዋል። ሰውም እንዲቀር አድርገዋል።» ማኅተም አለው። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ኮሚቴው በበጎ እንደሚያየው ተስፋ አደርጋለሁ።

እናቴ ዛሬም ቀብር ሄዳ ነበር። ማታ ዓይናለም ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ስታሽላት «ስንት ሰው መጣ?» አለቻት። እናቴ «ይበቃኛል» ብላ እግሯን ሰበሰበች። የደከማት መሰለኝ።

ነሐሴ 3

ኢንተርኔት ተለቀቀ! ቶሎ ብዬ የክሎቨርደንን ጋዜጣ አሮጌ እትሞች አወረድኩ።

ደስ የማይል ነገር አገኘሁ። ክሎቨርደን የአዝራር ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ማሽኑ የሴቶቹን ጣት ይቆርጣል፤ ካሳ ይከፈላቸው የሚል ረቂቅ ፓርላማ ቀረበ። ድምፅ በተሰጠበት ቀን ፔልተን ከዶብስ ጋር ወንዝ ዳር ነበር። ረቂቁ በሰፊ ልዩነት ወደቀ፤ የእሱ መቅረት ምንም አልለወጠም። ይሁንና ሴቶቹ በሚመለስበት ቀን ባቡር ጣቢያ በዝናብ ቆመው ጠበቁት። አንዷ ለጋዜጣው ያለችውን ቃል በቃል ገለበጥኩት፦ «እንደምንሸነፍ እናውቅ ነበር። እኛ የፈለግነው ለእኛ ብሎ ሲቆም ማየት ነው።»

በሚቀጥለው ምርጫ ጣሉት።

በግርጌ ማስታወሻ አስገብቼዋለሁ፤ «የመራጮቹን የሒሳብ ዕውቀት ደካማነት ያሳያል» ብዬ። ከዚያ በኋላ ሥራ አልሄድልህ አለኝ። የተኛሁም ብዙ አይደለም። ሻይ ስላበዛሁ ይሆናል።

ነሐሴ 9

ውሽንፍር። መብራት የለም። ባዩ ደወለ፦ «የሚቀበር አለ አሉ፤ እኔ እቀራለሁ።» «እኔም።» ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ጡሩምባም አልሰማሁም።

እናቴ ከማለዳ ጀምሮ የለችም።

ነሐሴ 10

የሞተው ይሻው ነው።

ለዚህ ነው ጡሩምባ ያልተነፋው። ወሬው ከቤት ቤት ደርሷል፣ ያልሰማ የለም። ሁሉም ሰምቶ ሁሉም ለጥንዱ ደወለ። ጡሩምባ ነፊው ዘመድ የለውም፣ ቀብሩ የሩቅ ሰው አይጠብቅም፣ ዝናብ ነው፤ ሁሉም «ሌላው ይሄዳል» አለ። ይህን የነገረችኝ ዓይናለም ናት፤ እሷ የሰማችው ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ነው። ስትነግረኝ ፊቴን አላየችም።

ቀብሩ ላይ ከላይ ሰፈር ሦስት ወንድ፣ ከታች ሰፈር ሦስት ወንድ ተገኘ። ፍጹም እኩልነት። ሁለቱ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ቃሬዛውን ለመሸከም አራት ቀሩ፣ አራቱም ሽማግሌ። ይሻው ይኖርበት ከነበረው ከእድሩ ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ቁልቁለት ጭቃ ነው። መሐል ላይ ጋሽ ገሰሰ አዳልጧቸው ወደቁ። ቃሬዛው ሊገለበጥ ሲል እናቴ ምርኩዟን ጥላ ትከሻዋን አስገባች። እናቴ። በዚያ ጉልበት። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም በዚህ አገር ማን አይቶ ያውቃል? ሌሎቹ ሴቶች እያለቀሱ ተከትለው ገቡ፤ ይሻውን ሴቶች ቀበሩት።

እኔ በዚያን ሰዓት በባትሪ ብርሃን የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር አስተካክል ነበር።

አፈርኩ። ይኸው ጻፍኩት፣ አፈርኩ።

ይሁንና ነገሩን በእርጋታ ሳየው ስህተቱ ከአሠራሩ ሳይሆን ከአፈጻጸሙ ነው። ፓርላማው ቢያንስ ይህን ያህል ሰው መገኘት አለበት የሚል ደንብ አለው። እኛ እሱን ረሳን።

ነሐሴ 12

እናቴ ዛሬ ሣጥኗን ከፍታ መግነዟን አወጣች። ከይፋግ ስትመጣ ይዛው እንደመጣች እንኳ አላውቅም ነበር። ምድጃው አጠገብ አናፍሳ አጣጠፈችው።

«መስከረም ጭቃው ሲደርቅ ሐሙሲት ትዕግሥት ዘንድ እሄዳለሁ» አለች። ትዕግሥት እዚያ ከተማ የምትኖር የእህቷ ልጅ ናት።

«ልትጠይቂያት ነው?»

«አይ። መሄዴ ነው።»

ምን እንደጎደለባት ጠየቅኋት። ምግቡ ነው? ብርዱ ነው? ዓይናለም ክፉ ተናገረቻት?

«ኧረ እሷን እግዜር ይባርካት፣ ምንም አልጎደለብኝ» አለች። «ለመኖርማ እዚህ ይሻለኛል። እዚያ የምሄደው ለመቀበር ነው።»

ሰው ምን ይላል? የዩኒቨርሲቲ መምህር እናት ቀባሪ ፍለጋ አገር ለቃ ሄደች! መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው። ሲቆይ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ማድቤት ውስጥ የምታዜመው ውዳሴ ማርያም ትዝ አለኝ። እሱ ከሌለ ቤቱ ምን ሊመስል ነው? ትናፍቀኛለች። ገና ሳትሄድ ናፈቀችኝ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ሰፈሩ በሆያ ሆዬ ሲናወጥ ዋለ። እናቴ ለልጆቹ ሙልሙል አደለች። «የዛሬ ዓመት ሐሙሲት ነኝ፤ እዚያ መጥታችሁ ጨፍሩልኝ» ስትላቸው ሰማኋት። የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ... የምትቀልድ ማለቴ ነው። ብርዱ ነው የሚያሳስተኝ።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ጉድ!

ለስብሰባው ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ፔልተን በዘመኑ ሁሉ ከተናገረው የእኔ የዛሬው ይረዝማል። የፓርላማን ታሪክ ከሥሩ አነሣሁ፣ የጥንድ መቅረትን ጥቅምና ጉዳት ዘረዘርኩ፣ የአነስተኛ ተገኚ ቁጥር ደንብ እንዲጨመር ጠየቅሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እንደ ጠጠር ይወርዳል፤ እየጮህኩ ነው የተናገርኩት። ስጨርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ። 

«ጨረስክ?» አሉ ጋሽ ገሰሰ። ከወደቁ ወዲህ አንድ እጃቸው ታስሯል።

«ጨርሻለሁ።»

«እኔ ከተናገርከው አንድም ቃል አልገባኝም። ግን በዚህ ሁሉ ዝናብ መጨረሻው ወንበር ድረስ ጥርት ብለህ ተሰምተሃል።» ወደ ሰው ዞሩ። «ጡሩምባ ነፊ የለንም። ድምፅ ያለው ሰው ይኸው። ይሻውን ይተካ የምትሉ?»

የእጅ ጫካ ሆነ። ባዩ ሁለቱንም እጁን አወጣ። አፍጥጬ ሳየው «አንዱ ያንተ ነው፣ ጥንዴ አይደለህ?» አለኝ።

ጥንድ መቅረት በዚያው ተሻረ። ዶክትሬት ሊጀምር የሚያስብ ሰው የይሻውን ጡሩምባ በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ዓይናለም በሩን ከፍታ ስታየኝ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሳቋ ለረጅም ጊዜ ይሰማኝ ነበር።

ነሐሴ 23

ጡሩምባው አይነፋልኝም። ጥጃዋ የጠፋባት ላም የመሰለ ድምፅ ነው የሚያወጣው። የክረምት ተማሪዎቼ በአጥሩ አጮልቀው አዩኝ። አንዱ «ቲቸር፣ ፈተናው ላይ ይመጣል?» አለ።

እናቴ በመስኮት ትሰማለች። መሄዷን ከነገረችኝ ወዲህ የምታናግረኝ ስለ ምግብና ስለ ዝናብ ብቻ ነው።

ጳጉሜ 3

የመጀመሪያዬ። ላይ ሰፈር አንዲት ባልቴት አርፈው ገና ሳይነጋ ልጆቻቸው መጥተው ቀሰቀሱኝ።

ጉም ነው፣ ፊት ለፊት አይታይም። ጡሩምባው በስንት ልመና ጮኸ። ቀጥሎ ቃሉን ማለት አለብኝ። ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ስናገር ኖሬአለሁ፤ የጎረቤትን ሞት መናገር ግን ሌላ ነው። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አልኩ። አንድ በር ተከፈተ። ሄድ ብዬ ደገምኩት፤ ሌላ በር። አንዳንዱ ማን እንደሆንኩ ለማየት ብቻ የወጣ ነው፤ ቢሆንም ወጣ። ነጠላውን አጣፍቶ ተከተለኝ።

ጡሩምባ ነፊ ከቀብር በፊት መሄድ አይችልም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ቆምኩ። ለዓመታት ቆሜ አላውቅም ነበር። አንድ የማላውቀው ነገር አየሁ፤ አፈሩ ሲመለስ አካፋ አይጠየቅም። አንዱ ሲደክመው ቀና ሳይል ወደ ጎን ይዘረጋዋል፣ አንድ እጅ ይቀበለዋል። ወደ እኔም ተዘረጋ። ተቀበልኩት።

ቤት ስገባ የአዝራር ፋብሪካዋን ሴት ቃል ከግርጌ ማስታወሻ አውጥቼ ወደ ምዕራፉ መሐል አስገባሁት። ስለ ሒሳብ ዕውቀት ያልኩትን ሰረዝኩ።

መስከረም 6

ኮሚቴው ሥራዬን በገባ በአራተኛው ቀን መለሰው። ገምጋሚው የጻፉት ይህ ነው፦ «ግለሰቡ ይህን ያህል ዝምተኛ ከነበሩ መጽሐፉ ስለ ምን ይህን ያህል ረዘመ?» እበሳጫለሁ ብዬ ስጠብቅ ሳቄ መጣ። የጋሽ ገሰሰን ማረጋገጫ በተመለከተ ደግሞ «ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ይብራራ» ብለዋል።

እናቴ ዓይናለምን ማዳበሪያ ጆንያ ጠየቀቻት። ለጓዟ።

መስከረም 13

ዛሬ ደፍሬ አነጋገርኳት።

«አሁንማ ሰው ይመጣል እማዬ። ራስሽ አይተሻል።»

«ለሌላው መጣ። ሌላውን አንተ ጠራህለት።» ጌሾ ትቀነጥሳለች፤ ቀና አላለችም። «እኔን ማን ይጠራኛል? ልጅ ለእናቱ ጡሩምባ አይነፋ።»

እውነቷን ነው። ይህ አንድ ጊዜም አልመጣልኝም። ባዩ ይንፋ አልኳት።

«ባዩ ዱቄት እንጂ ጡሩምባ መች ነፍቶ ያውቃል?»

«አስተምረዋለሁ።»

«በል አስተምረው። ስሜን ሲጠራ ልስማው፤ ከዚያ እወስናለሁ።»

«እማዬ ሟርት ነው! በቁምሽ?»

«ሟርቱ በእኔ ይሁን። በመስቀል ማግስት ከቅዳሴ መልስ፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሁኑ። ነፋሱ ወዲያ ነው የሚነፍሰው፤ ከእኔ ሌላ የሚሰማ የለም።»

እሷ እንዴት ልትሰማ እንደምትችል ልጠይቃት ይገባኝ ነበር።

መስከረም 18፣ እሑድ

መጻፍ ያለብኝ በቅደም ተከተሉ ነው።

ከቅዳሴ መልስ እኔና ባዩ ጉብታው ላይ ወጣን። አደይ አበባው ጉልበታችን ድረስ ነው። ባዩ ጡሩምባውን ገና በመጀመሪያው አስጮኸው፤ የወፍጮ ቤት ሰው ሳንባ ሌላ ነው። «ቃሉንስ እንዴት ነው የምለው? አንዴ አሳየኝ» አለኝ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አልኩ። «ወይዘሮ...»

ቆምኩ። እንደገና ጀመርኩ፤ «ወይዘሮ» ላይ ስደርስ አሁንም ድምፄ ጠፋ። ይኸው በዝናብ መሐል የፓርላማ ታሪክ የጮኸ ድምፅ ነው። አንድ ድንጋይ ሥር ቁጭ አልኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለምን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም።

 ባዩ ደረቱን ነፍቶ ጠራው። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የመምህር ሞገስ እናት፣ ወይዘሮ ብዙነሽ አርፈዋል!» ደገመው። ሦስተኛውን ሲል እሱም ማልቀስ ጀመረ፤ እናቴ ዳቦ እያቋደሰች ያሳደገችው ይመስል።

ነፋሱ ወዲያ አልነበረም። ወደ ሰፈሩ ነበር።

መጀመሪያ የሰማነው የአንዲት ሴት ጩኸት ነው። ቀጥሎ በር፣ ቀጥሎ ሌላ በር። ከላይ ሰፈርም ከታች ሰፈርም ሰው እየሮጠ ወደ ቤቴ ሲወርድ ከላይ ሆነን እናያለን። «ወይኔ መምህር፣ ምን ሠራን?» ብሎ ባዩ ቁልቁል በረረ። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ድንጋዩን ይዤ ለመነሣት ብዙ ቆየሁ።

ስደርስ ግቢው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ልቅሶው ግን ቆሟል። እናቴ ጠጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ አዲሱን የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ትናንት «እንግዳ አይጠፋም» ብላ የጋገረችው ድፎ ዳቦ ተቆርሷል። ዓይናለም የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ ትሳቅ ታልቅስ ግራ ገብቷታል። የባዩ ሚስት እናቴ በሕይወት መኖሯን እያየችም ልቅሶዋን ማቆም አልቻለችም። አንድ የላይ ሰፈር ሰው በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ባዶ ነው የመጣው። የድንኳኑ እንጨት ሳይቀር በሰው ትከሻ ላይ ነበር።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ኧረ ቁጭ በሉ» አለች እናቴ።

ጋሽ ገሰሰ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አንቺ ብዙነሽ፣ በደህናሽ ነው?»

«በደህናዬ ነው አያ ገሰሰ። ነፋሱ ነው ያሳሳታችሁ።»

«ትቀጪያለሽ!» አሉ። ተቀመጡና ዳቦ ተቀበሉ። እሳቸው ሲቀመጡ ሁሉም ተቀመጠ።

ቆፋሪዎቹ መቆፈሪያቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ጠላው ሊያልቅ ሲል ነው። «እማማ፣ ጀምረነው ነበር። ምን ይሻላል?» ብለው ጠየቋት።

«ድፈኑት ልጆቼ፣ አልቸኮልኩም» አለች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የላይ ሰፈሩን ከታች ሰፈሩ መለየት አይቻልም ነበር፤ ሁሉም አፉን በዳቦ ሞልቶ ይስቃል።

ማንም ለመሄድ አልቸኮለም። ሲመሽ እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። ጆንያው ታስሮ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል።

«ሁሉንም አየኋቸው» አለች። «ፊታቸውን አንድ በአንድ ነው ያየሁት። አንተን ብቻ አጣሁህ። ወዴት ነበርክ?»

«ጉብታው ላይ።»

«ባዩ ሲመጣ ለምን አብረህ አልመጣህም?»

ለዚህ የሚሆን ንግግር አላዘጋጀሁም። «ስምሽን ልጠራ ሞክሬ አቃተኝ» አልኳት። «ከዚያ መነሣት አቃተኝ።»

 የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ፊቴን ጠረገችልኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የጆንያውን ማሰሪያ ትፈታ ጀመር።

«ለትዕግሥት ደውልላት» አለችኝ። «አትጠብቀኝ በላት።»

ደወልኩላት።